ልጄ «ሲክስዝ ፎርም አልገባም፣ ኮሌጅ ነው የምፈልገው» አለኝ፤ የምታውቁ ምከሩኝ

የሊዊሻም እናት (ለንደን)፣ ኖቬምበር
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ላካፍላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ዓመት ነው (እዚህ ክፍልን «ዓመት» ነው የሚሉት)፤ በመጪው ሜይና ጁን ጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት የሚወሰደውን ፈተና) ይፈተናል። ትምህርት ቤቱ ከ16 ዓመት በኋላ ምን መማር እንደሚፈልጉ የሚጠይቅ ቅጽ ሰጥቶ ከገና ዕረፍት በፊት ሞልተው እንዲመልሱ ነግሯቸዋል። እኔ ቅጹን ሳላየው በልቤ ወስኜ ነበር፦ ሲክስዝ ፎርም (ከ16 ዓመት በኋላ ያሉት የትምህርት ቤት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት) ይገባል፣ ኤ ሌቨል (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን ትምህርት) ይማራል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ባለፈው እሁድ ማታ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ልጁ ወጥ ቤት ገባና «እማዬ፣ እኔ ኮሌጅ ነው የምገባው፤ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር እፈልጋለሁ» አለኝ። ሽሮው እስኪያርር ድረስ ማማሰያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ያደግሁት ደሴ ነው። 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ስላልመጣልኝ ወደ ዓረብ አገር ወጣሁ፤ ብዙ ተንከራትቼ እዚህ ደረስኩ። ዛሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ቢሮ አጸዳለሁ። ይህን ሁሉ የምችለው ልጄ እኔ ያመለጠኝን እንዲያገኝ ብዬ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ኮሌጅ ማለት የወደቀ የሚሄድበት ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። መምህራኑ የሰጡት ግምት (ከፍተኛው 9 ነው) ሒሳብ 6፣ እንግሊዝኛ 4፣ እንደ ሁለት ትምህርት የሚቆጠረው ሳይንስ ሁለቱም 5 ነው። እባካችሁ፣ መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ።

አባት ከኤንፊልድ
እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ነገሩ በእኔም ቤት ደርሷልና በደንብ አድምጪኝ። ልጄ 11ኛ ዓመት እያለች አንድ የትምህርት ቤቷ አማካሪ «ለእሷ የሚስማማት የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ ነው» አለን። ያን ጊዜ ልጅቷ በኬሚስትሪ ከክፍሏ ሁለተኛ ነበረች። አማካሪዋ ያየችው ውጤቷን አልነበረም፤ ያየችው መልኳንና የእናቷን ነጠላ ነው። ሌላ ቦታ ወስደን አስመዘገብናት፤ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ተምራ ዛሬ ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ናት። የእኛን ልጆች ወደ እጅ ሥራ የሚገፋ ሰው እዚህ አገር አይጠፋም። በገዛ እጃችን ደግሞ አንግፋቸው።

የሒሳብ መምህር (ለንደን)
ከኤንፊልድ የጻፉት አባት የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የሁለቱ ልጆች ጉዳይ የተለያየ ይመስለኛል። አንደኛዋን የገፋት ሌላ ሰው ነው፤ ይህኛው ራሱ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የተናገረው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር 14 ዓመት ሆኖኛል፤ በየዓመቱ በዚህ ወር ከሐበሻ ወላጆች የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ «ኮሌጅ» የሚለውን ቃል እናጥራው። አገር ቤት ኮሌጅ ከ12ኛ ክፍል በላይ ነው። እዚህ ግን ገና በ16 ዓመት የሚገባበት ነው፤ ውስጡም ኤ ሌቨል፣ ቢቴክና ቲ ሌቨል (ሁለቱም ወደ ሥራ ያዘነበሉ ትምህርቶች ናቸው)፣ የእጅ ሙያ፣ ለአዲስ መጤዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሁሉ አለ። «ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ» የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፤ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ብቻ ይዞ በአብዛኛው ኤ ሌቨል ያስተምራል። ስለዚህ «እገሌ ኮሌጅ ገባ» ሲባል ምን ሊማር እንደገባ ካልተጠየቀ በስተቀር ገና ምንም አልተነገረም።

ሁለተኛው ነገር ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና የነበረበትን ዘመን አስታውሱ። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፤ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይላካል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በዚህ ነበር። እዚህ ስንመጣ ሲክስዝ ፎርሙን መሰናዶ፣ ኮሌጁን ቴክኒክና ሙያ አድርገን ተረጎምነው፤ ትርጉሙ ግን አይገጥምም። ቲ ሌቨል በ2020 የተጀመረ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን በክብደቱ ከሦስት ኤ ሌቨል ጋር እኩል ነው። ተማሪው ቢያንስ 315 ሰዓት በእውነተኛ የሥራ ቦታ ያሳልፋል። ከፍተኛውን ውጤት ያመጣ ልጅ 168 የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ነጥብ ያገኛል፤ በኤ ሌቨል ሦስት ኤ ስታር (ከሁሉም በላይ ያለውን ውጤት) ያመጣ ልጅም የሚያገኘው ያንኑ 168 ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል ማለት ግን አይደለም። በተለይ ሕክምና ለማጥናት ለሚያስብ ልጅ መንገዱ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያለበት ኤ ሌቨል ነው። እዚህ ላይ ልሸፋፍንልዎ አልፈልግም።

ሦስተኛ፣ የልጅዎን ውጤት እንየው። ኤ ሌቨል ሒሳብ ለመጀመር ብዙ ቦታ 7፣ አንዳንድ ቦታ 6 ይጠይቃሉ፤ ለፊዚክስ አብዛኛውን ጊዜ 6 ነው። በአሁኑ ግምት ሳይንሱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛው ነው። ከ4 ወርዶ 3 ከሆነ ሲክስዝ ፎርምም ሆነ ኮሌጅ ቢገባ፣ ምንም ቢማር፣ ጎን ለጎን እንግሊዝኛውን እንደገና መማር ግዴታው ነው። በሩን የሚያጠብበት ያ ስለሆነ ከዛሬ እስከ ሜይ ያለውን ጉልበት እዚያ ላይ ያውለው።

ሕጉንም ላስታውስ። በእንግሊዝ ከ2015 ጀምሮ ወጣቱ 18 ዓመት እስኪሞላው በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት። ሲክስዝ ፎርም መግባት አለበት ግን አይልም። ሙሉ ጊዜ ትምህርት፣ አፕሬንቲስሺፕ (ተቀጥሮ እየተከፈለ ሙያ መማር)፣ ወይም በሳምንት 20 ሰዓት እየሠሩ በትርፍ ጊዜ መማር ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው።

ከግላስጎው
መምህሩ የጻፉት ለእንግሊዝ ነው። እኛ ስኮትላንድ ያለነው ሥርዓታችን ሌላ ነው፤ ልጆቹ በኤ ሌቨል ፋንታ የሚማሩት ሃየር የሚባለውን ነው፣ በ16 ዓመትም ትምህርት ማቆም ይችላሉ። ቤተሰቡ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ለሚማረው ልጅ በሳምንት 30 ፓውንድ ይሰጣል። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ገንዘብ በ2011 ቀርቷል። ስኮትላንድ ያላችሁ ወላጆች ሳታመለክቱ እንዳታልፉ።

የ13ኛ ዓመት ተማሪ
እትዬ፣ እኔ በልጅዎ በኩል ሆኜ ልናገር፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። አባቴ ሐኪም እንድሆን ስለፈለገ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ያዝኩ። ጂሲኤስኢ ላይ ኬሚስትሪ 6 ስላመጣሁ የምችለው መስሎኝ ነበር። ኤ ሌቨል ግን ሌላ ነገር ነው። በኦክቶበር አካባቢ መምህሩ የሚያወራው ቋንቋ ጠፋብኝ። ማታ ማታ መጽሐፉን ከፍቼ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ፤ አባቴ በበሩ ስንጥቅ እያየ «እያጠናች ነው» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ደስታውን እንዳላበላሽበት ስል ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩ። በጁን የውስጥ ፈተና ሁለቱን ወድቄ ወደ 13ኛ ዓመት አላሳልፍሽም አሉኝ።

ዓመት ከስሬ ሌላ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ከ12ኛ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እየተማርኩ ሕግ ለማጥናት አመልክቻለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ እንኳን «የምትወጂው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን ያንን ዓመት ባላለቀስኩ ነበር። የእርስዎ ልጅ ሳይጠየቅ ነግሮዎታል። ይህን ለመናገር ስንት ቀን እንደተጨነቀ እኔ አውቃለሁ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ሬዲንግ)
እህቴ፣ ልጅሽ ሊይዘው ያሰበው ሙያ የእኔ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አዲስ አበባ ተግባረ እድ ተምሬ ነው የወጣሁት። በእኛ ጊዜ ተግባረ እድ የገባ ልጅ አንገቱን አይደፋም ነበር፤ ሙያ የውድቀት ስም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚህ አገር መጥቼ ማስረጃዬን ለማሟላት እንደገና ተፈትኛለሁ፤ ስለዚህ የምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ክፍል ውስጥ በተማሩት ብቻ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን አይቻልም። በሥራ ላይ ተቆጣጣሪ እያየ የተሠራ ሥራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ኤኤምቱ የሚባል የተግባር ፈተና አለ። ፈተናው ቀናት ይፈጃል። መስመር ትዘረጊያለሽ፣ ትለኪያለሽ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ መስመር ተሰጥቶሽ ብልሽቱን ታገኚያለሽ። አፕሬንቲስሺፕ ከተገኘ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ልጁም እየተከፈለው ይማራል። ለአፕሬንቲስ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በኤፕሪል 2025 በሰዓት ወደ 7.55 ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበር። ችግሩ ቀጣሪ ማግኘቱ ነው። ትንንሾቹ ድርጅቶች የ16 ዓመት ልጅ መያዝ ይፈራሉ፤ መኪና አይነዳም፣ አንዳንድ ግንባታ ቦታም አያስገቡትም። ስለዚህ ብዙ ልጆች በቲ ሌቨል ይጀምሩና በ18 ዓመታቸው ወደ አፕሬንቲስሺፕ ይሻገራሉ። ኮሌጁን ስትጎበኙ «ይህን ኮርስ የጨረሱት ልጆች ባለፈው ዓመት የት ተቀጠሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥርት ያለ መልስ ካልሰጧችሁ ሌላ ኮሌጅ እዩ።

እናት ከሊድስ
እንግሊዝ ውስጥ ስላለው የድጎማ ገንዘብ ማንም አላነሳውም፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ልጁ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ከቀጠለ፣ ኤ ሌቨልም ይሁን ቲ ሌቨል፣ ቻይልድ ቤኒፊት (መንግሥት ለልጅ ማሳደጊያ ለወላጅ የሚከፍለው) አይቋረጥም፤ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግን እናንተ ማሳወቅ አለባችሁ። ካላሳወቃችሁ 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው ኦገስት 31 ይቆማል። ከኤችኤምአርሲ (ከግብር መሥሪያ ቤቱ) የመጣውን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎኝ ጥዬው ወራት ተቋርጦብኝ ነበር። አፕሬንቲስሺፕ ከገባ ግን ቻይልድ ቤኒፊቱ ይቆማል፤ በዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ በሚሰጠው ድጎማ) ላይ ለእሱ የሚታሰበውም እንዲሁ። ልጁ ደመወዝ ስላለው ነው፤ ሆኖም የቤት ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ ቀድማችሁ አስሉት።

ኮሌጁ ደግሞ ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉ ተማሪዎች የተመደበ የድጎማ ገንዘብ አለው። ለትራንስፖርት፣ ለመጽሐፍ፣ ለሥራ ልብስ ይሰጣል። ያለ ወላጅ ለሚኖሩና ለጥቂት ሌሎች ደግሞ በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። ለንደን ያላችሁ 16 ፕላስ ዚፕ ኦይስተር የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ አውጡለት፤ አውቶቡስ በነጻ ነው።

ብቻዬን የመጣሁ (ክሮይደን)
እኔ 17 ዓመቴ ነው። ያለ ወላጅ ነው የመጣሁት። አሁን ኮሌጅ እንግሊዝኛና ሒሳብ እማራለሁ፤ ጉዳዬ ገና ባይወሰንም ከ18 በታች ስለሆንኩ አላስከፈሉኝም። በእኔ ሁኔታ ያላችሁ ልጆች «ወረቀት የለህም፣ መማር አትችልም» የሚላችሁን አትስሙ። ማኅበራዊ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ነው የሚከብደው፤ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው የተማሪ ብድር አያገኝም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን «ሳንክቹሪ» የሚባል ነጻ የትምህርት ዕድል አላቸው። እኔ እሱን እያሰብኩ ነው የማጠናው።

ለእናቲቱ የምለው አለኝ። ልጅዎ ወጥ ቤት ገብቶ የሚነግራት እናት አለችው። እባክዎ አይቆጡት።

የሊዊሻም እናት
የክሮይደኑ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ያንተን ሳነብ እንባዬ መጣ። የምትፈልገው ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ምግብ አይጠፋም።

ኮሌጁ በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ለወላጆች ክፍት ነው ብለዋል። ባለቤቴን ይዤው ልሄድ ነው፤ እንዴት እንደማሳምነው ግን እንጃ።

አባት ከኤንፊልድ
የተማሪዋን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእኔ ቤት እንዲህ የሆነ እንደሌለ እርግጠኛ ለመሆን ትናንት ማታ ልጄን ጠየቅኋት። «እኔ ኬሚስትሪ እወድ ነበር፣ አባዬ» አለችኝ፤ ተመስገን። አቋሜን አልለወጥኩም፤ ለሲክስዝ ፎርሙም ማመልከቻ ይግባ። በሩን እሱ ራሱ ይዝጋው እንጂ ሌላ ሰው አይዝጋበት።

የሒሳብ መምህር
በዚህ እስማማለሁ። ማመልከቻ አንድ ቦታ ብቻ ተብሎ አልተገደበም። ሲክስዝ ፎርም፣ ኮሌጅ፣ አፕሬንቲስሺፕ በአንድነት ማመልከት ይቻላል። የሚሰጡት ቅበላ በኦገስት ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቦታ መያዝ ብልህነት ነው። ገብቶ ካልተስማማውም በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ኮርስ መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይከብዳል።

እናት ከሊድስ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ አማርኛ በጂሲኤስኢ ወይም በኤ ሌቨል መፈተን ይቻላል ወይ? የጎረቤቴ ልጅ በፖላንድኛ ተፈትና ጥሩ አመጣች።

የሒሳብ መምህር
አማርኛ የለም፤ እጅግ የምቆጭበት ነገር ነው። ዓረብኛ ግን በሁለቱም አለ። ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ ያደጉ ልጆቻችን ያላቸውን ቋንቋ ወደ ውጤት ሊለውጡት ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ነርስ ከበርሚንግሃም
የሊዊሻሟ እህቴ፣ ሁሉም ስለ ልጅሽ ነገሩሽ፤ እኔ ስለ አንቺ ልንገርሽ። እኔም እንዳንቺ 12ኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም። እዚህ መጥቼ በ36 ዓመቴ፣ ሁለት ልጆች ይዤ፣ «አክሰስ» የሚባለውን የአንድ ዓመት ትምህርት ገባሁ። ኤ ሌቨል ለሌላቸው አዋቂዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነው። የአክሰሱን ክፍያ በብድር ወሰድኩ፤ የነርስነት ዲግሪዬን ስጨርስ ብድሩ ተሰረዘልኝ። ዲግሪውን ስማርም ከጤና አገልግሎቱ በዓመት 5,000 ፓውንድ፣ የማይመለስ፣ ይሰጠኝ ነበር። እንግሊዝኛና ሒሳብ ካነሰሽ ለአዋቂ በነጻ የሚሰጥ አለ፤ እኔም የጀመርኩት ከእሱ ነው። ልጅሽ የሚገባበት ኮሌጅ ውስጥ የማታው ክፍል የት እንደሆነ ሐሙስ ዕለት ጠይቂ።

የሊዊሻም እናት፣ ዲሴምበር
ሄድን። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። መጀመሪያ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። ክፍሉ በእንጨት ሰሌዳ የተከፋፈለ ነው፤ በየሰሌዳው ላይ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተገጥሞበታል። አስተማሪው ልጄን ጠራውና አንድ ክንድ የምትሆን ግራጫ ኬብል ሰጠው። ልጄ ልባሷን ከላይ እስከ ታች ሳይጎዳት ገፈፋት። ቡናማዋ፣ ሰማያዊዋና እርቃኗን ያለችው መዳብ ወጡ። በመዳቧ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ማልበሻ አጠለቀላት፣ ሦስቱንም በየቦታቸው አሰረና አስተማሪው እስኪያየው ድረስ እጁን ወደኋላ አድርጎ ጠበቀ። አስተማሪው አየና «ይህን ማን አስተማረህ?» አለው። ልጄ «ቤት ውስጥ የተጣለ መብራት እየፈታሁ» አለ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መብራት ከዚህ ቤት የጠፋው ለካ እዚያ ገብቶ ነው።

አባቱ እጁን ፈታ። ተጠግቶ «የጨረሱት ልጆች የት ተቀጠሩ?» ብሎ ጠየቀ፤ የሬዲንጉን ወንድሜን ጥያቄ ነግሬው ነበር። አስተማሪው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አሳየን፤ አብዛኞቹ አፕሬንቲስ ሆነዋል፣ ሁለቱ ምህንድስና ሊያጠኑ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። በመኪና ስንመለስ አባቱ «ለሲክስዝ ፎርሙም ታመለክታለህ» አለው፤ ልጁም «እሺ፣ አባዬ» አለ። ለስድስት ሳምንት የጠፋ ቃል ነው። ሦስት ቦታ አመለከትን።

ያልጠበቅሁት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ ነው የደረሰብኝ። «ልጅሽ የት ሊገባ ነው?» ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ፤ «ገና አልወሰነም» ብዬ ዋሸሁ። ለካ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ሰምቶኛል። እሱ ምንም አላለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እያፈርኩ ነው።

የ13ኛ ዓመት ተማሪ
ይንገሩት፣ እትዬ። «ዋሽቼ ነበር» ብለው ይንገሩት። እኔ ከአባቴ ይህችን አንዲት ቃል ስጠብቅ ሁለት ዓመቴ ነው።

የሊዊሻም እናት፣ ኦገስት
እንደምን ከረማችሁ። ውጤት ወጣ። እንግሊዝኛ 5፣ ሒሳብ 7፣ ሳይንስ 6 እና 5። ሲክስዝ ፎርሙም ኮሌጁም ተቀበሉት። አባቱ ውጤቱን ሲያይ «አሁንማ ኤ ሌቨል ይችላል» ብሎ ሁለት ቀን ለመነው፤ ልጁ ግን ቲ ሌቨሉን መረጠ። ትናንት ሦስታችንም ሄደን አስመዘገብነው። አባቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም፤ ፊርማውን ግን ፈርሟል። የዚያ እሁድን ነገር ለልጄ ነግሬዋለሁ፤ አቀፈኝ። እኔም ለማታው እንግሊዝኛ ተመዝግቤያለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ የበርሚንግሃሟ እህቴ አመሰግናለሁ። የቻይልድ ቤኒፊቱንም ደብዳቤ መልሻለሁ።

የሬዲንጉ ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮሌጁ በሰጠን ዝርዝር ላይ ጣቱ ላይ ብረት ያለበት የደኅንነት ጫማ ይላል። የእግሩ ቁጥር 44 ነው፤ ገና እያደገ ስለሆነ 45 ልግዛለት ወይስ ልኩን?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ሬዲንግ)
እንኳን ደስ አላችሁ፣ እህቴ! ልኩን ግዢ። መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ሰፊ ጫማ አያደርግም፤ ሲጠብበት ትቀይሪለታለሽ። ቀን ሙሉ የሚቆምበት ስለሆነ ወፍራም ካልሲ አድርጎ ራሱ ይለካው። ከመግዛትሽ በፊት ግን የኮሌጁን ድጎማ ጠይቂ፤ ጫማና መሣሪያ ከሚሸፍኑት ውስጥ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ሽቦ መቁረጫና መግፈፊያ ቢላዋ እኔ እልክለታለሁ፤ አድራሻሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።